ሕግ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ነጻ የሕግ ምክር ልስጥ ወይ?

ጥያቄ፦ «ሕግ ከተመረቅሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ነው ያለሁት። ለዳኝነትም ለዐቃቤ ሕግነትም ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እየተመዘገብሁ እጠብቃለሁ። አሁን አንድ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በሳምንት ሦስት ቀን በበጎ ፈቃድ ባለጉዳይ እንድቀበል ጠይቆኛል። ክፍያ የለውም። ቤተሰቤ ‹ነጻ ጉልበት ነው የፈለጉት› ይላሉ። ለሙያዬ የሚጨምርልኝ ነገር አለ? ወይስ ቤት ቁጭ ብዬ ለፈተና ባጠና ይሻለኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ግቢበት። ግን እሺ ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። እዚያ ማዕከል ውስጥ የጻፍሽውን አንብቦ የሚያርም፣ የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው አለ? ካለ፣ ለሙያሽ ከዚህ የተሻለ ቦታ በዚህ ዕድሜሽ አታገኚም። ከሌለ አትግቢ፤ ለአንቺም ለባለጉዳዩም አደጋ ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳሽ። ነጻ የሕግ ድጋፍ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የማወራው ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኜ ነው።

ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ስትማሪ ፍሬ ነገሩ ተበጥሮ፣ ተለቅሞ ነው የቀረበልሽ። የፈተናው ወረቀት ማን ከማን ጋር ውል እንደገባ፣ መቼ እንደገባ፣ ምን እንደፈረሰ በአምስት መስመር ይነግርሻል። ያንቺ ሥራ ሕጉን ማግኘት ብቻ ነበር። ባለጉዳይ ግን ፍሬ ነገር ይዞ አይመጣም። በደል ይዞ ነው የሚመጣው። ንዴቱን፣ ዕንባውን፣ የጎረቤቱን ምክር፣ በፌስታል የታጨቀ ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። ከዚያ ውስጥ ጭብጡን ማውጣት ያንቺ ድርሻ ነው። የሕግ ሙያ ትልቁ ክፍል ይኼ ነው፤ ክፍል ውስጥ የማይገኘውም ይኼ ነው።

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንይ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣ እንበል። ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ይቀመጥና «አለቃዬ በሰው ፊት ሰደበኝ» ብሎ ይጀምራል። ስድቡን በዝርዝር ይነግርሻል። ከዚያ አለቃው ዘመዱን በሱ ቦታ እንደቀጠረ ይነግርሻል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሌሊት እንኳ እንዳልተኛ ይምልልሻል። ይኼን ሁሉ መስማት አለብሽ፤ ሳይሰማ የተቋረጠ ሰው ዋናውን ነገር አይነግርሽም። ግን እየሰማሽ ልብሽ አንድ ነገር መፈለግ አለበት፤ ቀን። ከሥራ የወጣኸው መቼ ነው? ደብዳቤ ተሰጥቶሃል? ይዘኸዋል?

ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። የስንብት ደብዳቤ ነው። ቀኑን ስታይ ሁለት ወር ከሃያ ቀን ሆኖታል።

እዚህ ጋ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 163 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይሰማም። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌላ የክፍያ ጥያቄ ስድስት ወር አለው። ስለዚህ ሰውየው ወደ ሥራው ለመመለስ ከፈለገ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። እሱ ይኼን አያውቅም። እስካሁን «አለቃዬ ይጸጸት ይሆናል» እያለ ደጅ ሲጠና ነበር። ደጅ መጥናት ደግሞ ይርጋ አያቋርጥም። አንቺ ያን ቀን ስድቡን ብቻ መዝግበሽ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» ካልሽው፣ መብቱን እጅሽ ላይ አጠፋሽው ማለት ነው።

ቀኑን ካገኘሽ በኋላ ደብዳቤውን ታነቢያለሽ። «አምስት ቀን ከሥራ ቀርተሃል» ይላል እንበል። አዋጁ አንቀጽ 27 ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ወዲያውኑ፣ የሚያሰናብቱ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። ከሥራ መቅረትን በተመለከተ ግን ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረቱን ይጠይቃል። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄሽ ግልጽ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶህ ያውቃል? ፈርመህ ተቀብለሃል? የቀረኸው ለምን ነበር? የሕክምና ወረቀት አለህ? አየሽ፣ አንቀጹን ካላወቅሽ የምትጠይቂውን አታውቂም። ካልጠየቅሽ ደግሞ አንቀጹን ማወቅሽ ለሰውየው ምንም አይፈይድለትም። ሁለቱ እጅና ጓንት የሚሆኑት ጠረጴዛው ላይ ነው።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ወደ ሥራ ካልተመለሰ ምን ያገኛል? አራት ዓመት ለሠራ ሰው የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዙ 30 እጥፍ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ስለዚህ 30 እና ለሦስቱ ተጨማሪ ዓመታት 30፣ በድምሩ የ60 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ካሳው የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሰው ሁለት ወር ነው። ይኼን አስልተሽ ካላስቀመጥሽለት ሰውየው «አንድ ወር ደመወዝ ውሰድና ተወን» ሲባል ይስማማል። ምን እንደሚያጣ አያውቅማ። ደግሞም የሥራ ክርክር ሲከፈት የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅ ንገሪው። ብዙ ሠራተኛ ፍርድ ቤት ያልሄደው ክፍያ ፈርቶ ነው።

አሁን ይኼንኑ ታሪክ የቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ ይዛ ብትመጣስ? «ስድስት ወር ሙሉ ደመወዜን አልሰጡኝም» ትላለች። እጅሽ በልማድ ወደ 1156 ይሄዳል። ግን ያ አዋጅ ትርፍ ለማግኘት ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ አውጥቶታል። እሷን የሚመለከታት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ይርጋውም የክፍያውም ነገር ይለያል። የዳኝነት ክፍያው እንደ ጥበቃው በነጻ አይታለፍላትም፤ አቅም ከሌላት በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳትከፍል፣ ለመክሰስ ማመልከት ይኖርባታል። ይኼ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። ሁለት ባለጉዳይ አንድ ዓይነት ቃል ተናግረው ሁለት የተለያየ መንገድ ይዘው ይሄዳሉ። «የትኛው ሕግ ነው የሚገዛው?» የሚለውን ጥያቄ ሳታቋርጪ መጠየቅ ልማድ የሚሆንብሽ እንደዚህ ባሉ ጉዳዮች ነው።

ከክልል የመጣ ባለጉዳይም ያጋጥምሻል። ስለ ፍቺና ስለ ንብረት ክፍፍል ሲጠይቅሽ የተማርሽው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ አፍሽ ላይ ይመጣል። እሱ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። አማራ ክልል ለምሳሌ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ 79/1995። የት ትኖራላችሁ ብለሽ ሳትጠይቂ መልስ አትስጪ።

መጻፍ ደግሞ ሌላው ትምህርት ነው። ፍርድ ቤቶች አካባቢ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎች አይተሻል። አንዳንዶቹ ጎበዝ ናቸው፤ ልምዳቸው ከብዙ ጠበቃ ይበልጣል። ግን አንድ ገጽ የሚበቃውን ክስ በአራት ገጽ ጽፈው፣ ስድቡንም እርግማኑንም ጨምረው፣ ዋናውን ጥያቄ የሚረሱም አሉ። አንቺ የምትማሪው ተቃራኒውን ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ክስ ምን መያዝ እንዳለበት ይነግርሻል፤ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የተከራካሪዎች ስምና አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት፣ መቼና የት እንደተፈጠረ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። ቁጥር 223 የማስረጃ ዝርዝሩን ያዛል። መጨረሻ ላይ «ክሱ በእውነት የቀረበ መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የምትለዋ መስመር አለች። እሷን ባለጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት ክሱን ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ያልተናገረው ነገር ገብቶ ከሆነ ያኔ ይነግርሻል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከሆነ ይኼ ግዴታሽ ነው። በአማርኛ የማይግባባ ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚ ሳይኖር እንዳታስፈርሚው። ይዞት የመጣውን የአክስቱን ልጅም እንዲያው ዝም ብለሽ አስተርጓሚ አታድርጊ፤ ዘመዱ በጉዳዩ ጥቅም ሊኖረው ይችላል።

በጣም ከባዱ ትምህርት ግን «የለህም»፣ ማለትም «ይኼ ጉዳይ ፍርድ ቤት አያስኬድህም» ማለት ነው። አንዲት እናት ለጎረቤቷ 30 ሺህ ብር አበድራ ጎረቤቷ ካደቻት እንበል። ወረቀት የለም። ምስክር አለኝ ትላለች፤ ሁለት ሰው አይቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በስተቀር አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም ነው፤ ያኔ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ አርጅቷል፤ ሕጉ ግን አለ። እኚህን እናት ምን ትያቸዋለሽ?

አዲስ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ አዝኖ «እስኪ እንሞክር» ይላል፤ ወይ ቁጥሩን ጠቅሶ ያሰናብታል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መጀመሪያ ጽሑፍ የሚባለውን ነገር በደንብ ፈልጊ። ገንዘቡ በባንክ ነው የተላለፈው? ጎረቤትየዋ «እከፍልሻለሁ ታገሺኝ» ብላ የላከችው መልእክት አለ? በዕድር ወይም በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ነገር አለ? ያንን ሁሉ ይዘሽ ወደሚቆጣጠርሽ ጠበቃ ሂጂ። ምንም ከሌለ እውነቱን በቀጥታ ንገሪያቸው። «እናቴ፣ ገንዘቡን አልሰጡም እያልኩ አይደለም። አምናለሁ። ግን ፍርድ ቤት እንዲያምን ሕጉ ወረቀት ይፈልጋል። በሽማግሌ ቢያስጠይቋትና ዕዳውን አምና በጽሑፍ ብትፈርም፣ ያኔ ይዘውት ይመለሱ።» ይኼ ምክር ገንዘብ ከማባከን፣ ከመመላለስ፣ በኪሳራ ከመውጣት ያድናቸዋል። ደግሞ መንገድ አሳየሻቸው። ቶሎ «የለህም» ማለት የማይችል ጠበቃ የሰው ገንዘብ ይበላል፤ ይኼን ችሎታ ነጻ ጠረጴዛ ላይ ብትማሪው ይሻላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ፤ ወደ ተቆጣጣሪው። ጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ አሁን የሚገዛው አዋጅ 1249/2013 ነው። አንቺ ገና ፈቃድ የለሽም። ስለዚህ ችሎት ቀርበሽ አትከራከሪም፤ «ጠበቃ ነኝ» አትይም፤ ባለጉዳዩም እንደዚያ እንዳይመስለው በመጀመሪያው ደቂቃ ንገሪው። የጻፍሽው ማንኛውም ክስ ወይም መልስ ጠበቃው ሳያየው ከጠረጴዛሽ እንዳይወጣ። ይኼ አንቺን ዝቅ ማድረግ አይደለም። የምትማሪው እሱ በቀይ እስክሪብቶ ከሰረዘልሽ ነው። ማዕከሉን ለማየት ስትሄጂ ደፈር ብለሽ ጠይቂ። ያለፈው በጎ ፈቃደኛ የጻፈውን ማን ያርም ነበር? ጠበቃው በሳምንት ስንት ቀን ይገኛል? አንድ ጉዳይ ከአቅሜ በላይ ሲሆን የት ነው የምልከው? መልሱ «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ተመርቀሽ የለ?» ከሆነ አመስግነሽ ውጪ።

አንድ ሁለት ነገር ስለ ምስጢር። አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ሰው ይተዋወቃል። ሰኞ ሚስት መጥታ አማክረሻት ረቡዕ ባል ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ስም ሳትመዘግቢ፣ ሌላኛው ወገን ማን እንደሆነ ሳትጠይቂ ታሪክ አትስሚ። ባልየው ከመጣ የሚስቱን መምጣት ሳትነግሪው ሌላ ማዕከል ይላካል። ቤትሽ ገብተሽም ለአክስትሽ «ዛሬ አንዷ መጥታ» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ስም ባትጠሪም ሰፈሩ ይጠረጥራል።

የጾታ ጥቃት ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ መርማሪ አትሁኚ። የደረሰባትን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ማስተረክ ያንቺ ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ ድግግሞሽ ቁስሉን ይነካዋል። ደኅንነቷን፣ ሕክምና ማግኘቷን አረጋግጪ፤ ከዚያ ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ አንድ ላይ ወደሚሠሩበት ቦታ አገናኛት። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ እንደዚህ ያለ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። አድራሻ ሰጥቶ መሸኘት ብቻ አይበቃም፤ የሚሸኛት ሰው ፈልጊ።

ቤተሰብሽ «ነጻ ጉልበት» ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። አንዳንድ ቦታ በጎ ፈቃደኛን ፎቶ ኮፒ ያስነሱታል፣ ቡና ያስፈሉታል፣ ማኅደር ያስደረድሩታል። እንደዚያ ከሆነ ቤተሰብሽ ልክ ናቸው። ትራንስፖርትና ምሳ ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ካልሸፈኑና ኪስሽ ካልቻለ ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት አውርጂው። በሁለት ቀን የሚመጣውን ባለጉዳይ እስከ መጨረሻው መከታተል ሦስት ቀን ሮጦ ከማቋረጥ ይበልጣል። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምልሽ ነገር አለ። ባለጉዳይ መለማመጃ አይደለም። አንዴ የተቀበልሽውን ጉዳይ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ጥለሽ እንዳትሄጂ። ማኅደሩን ጽፈሽ፣ የቀጠሮውን ቀን አስፍረሽ፣ ለሚቀጥለው ሰው አስረክበሽ ነው የምትሄጂው።

ይኼ ሥራ ደግሞ ከአንድ ባለጉዳይ በላይ የሚሻገርበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1987 ዓ.ም ከተመሠረተ ጀምሮ ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚያየውን በደል ይዞ የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ተሟግቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የ1992ቱ ሕግ ለሁለቱም ፆታ 18 አደረገው። በኋላ የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ሥራ እንዳይሳተፉ ሲከለክል ብዙ ነጻ የሕግ ድጋፍ ተዳከመ፤ በ2011 ዓ.ም አዋጅ 1113 ተተክቶ በሩ እንደገና ተከፈተ። ዛሬ አንቺን የጠየቀሽ ማዕከል የቆመው በዚህ በተከፈተ በር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ላይ ፍትሕ የማግኘት መብት ለሁሉም አለ ይላል። ጠበቃ የሚቀጥርበት ገንዘብ የሌለው ሰው ግን ያንን አንቀጽ የሚያገኘው አንቺ በምትቀመጪበት ጠረጴዛ በኩል ነው። እኔ ይኼን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው፤ አንቺም እንድትወጂው እፈልጋለሁ።

ስለ ፈተናው። ጥናቱንና ጠረጴዛውን አታጣሊያቸው። ሰኞ ጥበቃው ከመጣ ሰኞ ማታ የአዋጁን የሥራ ውል መቋረጥ ክፍል አንብቢ፤ ከዚያ በዚያው ጭብጥ ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከሰጣቸው ውሳኔዎች አንዱን ፈልጊ። የሰበር የሕግ ትርጉም በአዋጅ 1234/2013 መሠረት የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹ በጥራዝ ታትመዋል። አከራይ ያስወጣው ተከራይ ከመጣ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016ን አውጪ፤ ዝቅተኛው የኪራይ ዘመን ሁለት ዓመት መሆኑን፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ እንዳለበት ከሰው ጉዳይ ጋር አያይዘሽ ያነበብሽው አይረሳሽም። ቤት ዘግተሽ በጭንቅላትሽ ከምትሸመድጂው ይልቅ ይኼ ይቆያል። የቃል ፈተና ላይ «እንዲህ ያለ ጉዳይ ቢቀርብልሽስ?» ሲሉሽ ደግሞ ፊት ለፊትሽ የሚመጣው የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። የሱን ስም ሳትጠሪ መልሱን ትሰጫለሽ።

የመጨረሻው ወረቀቱ ነው። ከመጀመርሽ በፊት ከማዕከሉ ጋር አጭር ስምምነት ተፈራረሚ፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በማን ተቆጣጣሪነት። ለጥብቅና ፈቃድ የሚቀርብ የሥራ ልምድ ምን ማሟላት እንዳለበት ፍትሕ ሚኒስቴር ሄደሽ በአካል ጠይቂና መልሱን ለማዕከሉ ንገሪ፤ ደብዳቤው በዚያ መሠረት እንዲጻፍልሽ። «በበጎ ፈቃድ አገልግላለች» የሚል አንድ መስመር አትቀበይ። ምን ዓይነት ጉዳዮች እንደተቀበልሽ፣ ምን እንዳረቀቅሽ፣ ማን እንዳረመልሽ ይዘርዝር። ለራስሽም ደብተር ያዢ፤ የሰው ስም ሳይኖርበት ጭብጡን፣ አንቀጹን፣ ጠበቃው ያረመልሽን ጻፊበት። ቀጣሪ «ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ሲልሽ ደብተሩን እያስታወስሽ ነው የምትመልሺው።